ብርሌ ከነቃ፤ የሚታጠፍ መስተዋት ታሪክ

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ዘወትር የሚነገረው ግን ስለ ወዳጅነት ወይም ስለ ትዳር እንጂ ስለ ብርሌው አይደለም። እኛ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ ተረቱን እንደ ቃሉ ወስደን ብርሌውን ራሱን ለመመርመር አሰብን። ለዚህ ያነሣሣን በሲቀላ ገበያ አጠገብ ካሉት የስልክ ጥገና ሱቆች በአንዱ ያየነው ነገር ነው። በጠረጴዛው ላይ ፊታቸው እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጣጠቀ ስልኮች ተደርድረው ሳለ፥ ከበላያቸው በተለጠፈው ማስታወቂያ ላይ ደግሞ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ ስልክ ተሥሎ ነበር። የወደቀው ሁሉ እንዲህ የሚሰነጠቅ ከሆነ፥ የሚታጠፈው እንዴት ሳይሰበር ይታጠፋል? ክርክራችን የተጀመረው ከዚያ ሱቅ በር ላይ ሲሆን፥ እስካሁንም ገና አላለቀም።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው። ሁለተኛ፥ መስተዋት ስንል ፊት የምናይበትን ብቻ ሳይሆን ብርጭቆውንም ጠርሙሱንም የመስኮቱንም ማለታችን ነው፤ ሁሉም የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ናቸውና። ተረቱንም ልብ ብሎ ለሰማው ሰው «ብርሌ ከተሰበረ» አይልም፤ «ከነቃ» ነው የሚለው። የነቃ ብርሌ ገና ብርሌ ነው፤ ቅርጹ አልተለወጠም፥ ጠጁም አልፈሰሰም። ዳሩ ግን ቀኑ የተቈረጠ ነው። ይህን ተረት መጀመሪያ የተናገረው ሰው፥ አንድ የእንግሊዝ መሐንዲስ በ1920 በብዙ ድካም የደረሰበትን ነገር ቀድሞ አይቶት ነበር ብንል ብዙ ያጋነንን አይመስለንም።

የሚታጠፍ መስተዋት ምኞት አዲስ አይደለም። ከ14 እስከ 37 በሮም በነገሠው በጢባርዮስ ዘመን አንድ ጥበበኛ የማይሰበር የመስተዋት ጽዋ ሠርቶ ወደ ቤተ መንግሥት አመጣ ይባላል። ጽዋውን መሬት ላይ ቢወረውረው እንደ ነሐስ ጐደጐደ እንጂ አልተሰበረም፤ እርሱም ትንሽ መዶሻ አውጥቶ ቀጥቅጦ አቃናው። ንጉሠ ነገሥቱም ይህን ጥበብ ሌላ የሚያውቅ ሰው እንዳለ ጠየቀው። ማንም የለም ባለ ጊዜ አንገቱን አስቈረጠው፤ ጥበቡ ከተስፋፋ ወርቅ እንደ ጭቃ ይረክሳል ብሎ ነው። እንዲህ አድርጎ የተረከው ጴጥሮንዮስ የተባለው ደራሲ ነው። በ79 የሞተው ሊቁ ፕሊኒ ግን የሰውዬውን መገደል ሳያነሣ ሥራ ቤቱ ፈረሰ ብቻ ይላል፤ ወሬውም ከእርግጠኝነቱ ይልቅ መዛመቱ እንደሚበልጥ ያስጠነቅቃል። እኛም ከፕሊኒ ወገን ነን። ቢሆንም ተረቱ አንድ ነገር ያስረዳል። የዚያ ዘመን ሰዎች መስተዋት ምን እንደ ጐደለው አጥርተው ያውቁ ነበር፤ የጐደለውን የሞላ ሰውም ሽልማት እንደማይጠብቀው ያውቁ ነበር።

በአገራችን የመስተዋት ታሪክ ከሮም እጅግ ይቀድማል። ይህን ስንል ሰው ያቀለጠውን መስተዋት ሳይሆን እሳተ ገሞራ ያቀለጠውን ማለታችን ነው። ቅልጥ ድንጋይ ፈጥኖ ሲበርድ አቶሞቹ በሥርዓት ለመሰለፍ ጊዜ ሳያገኙ በያሉበት ደርቀው ይቀራሉ፤ በዚህ ዓይነት የተገኘው ጥቁርና አብረቅራቂ ድንጋይ ባልጩት የምንለው ነው። እኛ የምንኖርበት የስምጥ ሸለቆ በእሳተ ገሞራ የተሠራ አገር ስለ ሆነ ባልጩት በየስፍራው ይገኛል። ከእኛ ወደ ሰሜን፥ ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ምዕራብ ገደሞታ በተባለው ቦታ ከ279,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው ሹል የባልጩት ጫፎች ተገኝተዋል።

እነዚህ ጫፎች በእጅ የሚወጋባቸው ነበሩን ወይስ የሚወረወሩ? ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዮናታን ሣህለ ከባልደረቦቹ ጋር በ2013 ባሳተመው ጥናት ይህን ጥያቄ የመለሰበት መንገድ እጅግ አስደንቆናል። ስንጥቅ በመስተዋት ውስጥ ሲሮጥ በአጕሊ መነጽር ብቻ የሚታይ፥ የወፍ ክንፍ የመሰለ ጥቃቅን ምልክት ትቶ ያልፋል። የክንፎቹ አከፋፈት ስንጥቁ በምን ያህል ፍጥነት እንደ ሮጠ ይናገራል። ተመራማሪዎቹ ይህን ምልክት ለክተው፥ አንዳንዶቹ ጫፎች የተሰበሩት በእጅ ግፊት ሊገኝ በማይችል ፍጥነት መሆኑን ስላዩ፥ ተወርዋሪ ጦሮች ነበሩ ብለው ደመደሙ። እንግዲህ መስተዋት ሲሰበር አሰባበሩን በራሱ ላይ ይጽፋል ማለት ነው፤ ጽሕፈቱም ሩብ ሚሊዮን ዓመት አልፎት አልጠፋም። በሲቀላ ሱቅ ያየናቸውን ስልኮች ከዚያ በኋላ በሌላ ዓይን ነው የተመለከትናቸው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ኩልፎ ከጋሞ ተራሮች ወርዶ ከተማችንን አቋርጦ ወደ ጫሞ ሐይቅ ይገባል። በእነዚያ ተራሮች ላይ በድንጋይ መፋቂያ ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች እስከ እኛ ዘመን ደርሰዋል፤ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ሥራ የሚገኝበት አገር ጥቂት ነው። አብዛኛዎቹ የሚጠቀሙበት ድንጋይ በትክክል መስተዋት ያልሆነ፥ ነገር ግን እንደ መስተዋት የሚሰነጠቅ ጠንካራ ድንጋይ ነው። በሐዲያና በጉራጌ አገር ያሉት ግን እውነተኛውን ጥቁር መስተዋት ይጠቀማሉ። በአማርኛ ብዙ ሰው ሁለቱንም ባልጩት ይላቸዋል፤ አሰባበራቸው አንድ ስለ ሆነ ስሕተቱ ብዙ አያስነቅፍም። ድንጋዩ በብረት እየተመታ ይጠረባል፤ ከዚያም በእንጨት እጀታ ላይ ይገጠማል፤ ሲደነዝዝ ጠርዙ እየተፈለጠ እንደ ገና ይሳላል። ልጅ ከአባቱ ይማረዋል፥ ትምህርቱም ረጅም ዓመት ይፈጃል።

ካትሪን ዊድማን አርተር የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር በጋሞ ለብዙ ዓመታት ተመላልሰው ይህን ሥራ አጥንተዋል። በ2002 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳስረዱት፥ የጀማሪዎችና እጅግ የሸመገሉ ሰዎች መፋቂያ ከሌሎቹ ይልቅ ይሰበራል፥ ጠርዙም ላይ ያልተፈለገ ሹል ጫፍ ያወጣል። ጀማሪው ጕልበት አለው ልክ ግን አያውቅም፤ ሽማግሌው ልኩን ያውቃል እጁ ግን ደክሟል። በ2018 ባወጡት መጽሐፍም ጠራቢዎቹ ድንጋይን ሕይወት እንዳለው ነገር እንደሚቈጥሩት ጽፈዋል፤ ይወለዳል፥ ያድጋል፥ ያርፋል፥ ይሞታል። እንዲህ የሚያስብ ሰው ድንጋይን በግዴለሽነት አይመታም።

እዚህ ላይ ደስ የማያሰኝ ነገር መጻፍ አለብን። እነዚህ ጥበበኞች «ደጋላ» ተብለው ከሌላው ሕዝብ ተለይተው ኖረዋል። ማላ ከሚባሉት ከገበሬዎቹ ጋር መጋባት አይችሉም ነበር፤ ከመሬትም ከሸንጎም ተከልክለው ነበር። ሕግ ከተለወጠ ብዙ ዘመን ቢሆነውም ልማዱ በየቤቱ ጨርሶ አልሞተም። ከዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች መካከል የአንደኛው አያት ቆዳ ፋቂ ናቸው። ይህንንም ያወቅነው የመስተዋትን ጕዳይ ማጥናት ከጀመርን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ስለ ባልጩት ስንናገር ዝም ብሎ ይሰማን ነበር። በኋላ ግን የተሳሳተ ነገር ስንጽፍ አላስችለው ብሎ ተናገረ። «አያቴ ድንጋዩን ከመጥረባቸው በፊት በብረት መታ አድርገው ጆሯቸውን ይሰጣሉ። ከውስጡ የነቃ ከሆነ ድምፁ የታፈነ ነው፤ ያን ጊዜ ይጥሉታል» አለን። እናቶቻችንም በገበያ እንስራ ሲገዙ በጣታቸው መታ መታ የሚያደርጉት ስለዚሁ ነው።

ሰው ሠራሹን መስተዋት በተመለከተ ብዙ አንቈይም። በአንደኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል የመስተዋት ዕቃ ይቈጥራል፤ በአክሱም መቃብሮችም በቁፋሮ የመስተዋት ጽዋዎች ተገኝተዋል። ይሁን እንጂ ለብዙ ዘመን በቤታችን የነገሠው የቀንድ ዋንጫ ነበር። ቀንድ ቢወድቅ አይነቃም፥ ጠጁን ግን አያሳይም። አባቶቻችን ከዋንጫ ወደ ብርሌ ሲዞሩ ጥንካሬን ሰጥተው ብርሃንን ገዙ ማለት ይቻላል። የስልክ ሠሪዎችም ከአንድ ትውልድ ወዲህ ከፕላስቲክ ወደ መስተዋት ሲዞሩ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በሴቻ መስኮት የሚገጥመውን ሰው ሲሠራ ቆሞ ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል። መስተዋቱን በጕልበት አይቈርጠውም፤ በትንሽ መቍረጫ አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ይጭርበትና፥ ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አድርጎ ገፋ ሲያደርገው መስመሩን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይለያል። ጭረቱ ከውፍረቱ ጋር ሲነጻጸር ከምንም አይቈጠርም። እንግዲያው ያን ሁሉ ጥንካሬ ምን ወሰደው?

መልሱን የሰጠው አለን ግሪፊዝ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። በፋርንቦሮ በሚገኘው የአውሮፕላን ምርምር ተቋም ሲሠራ በ1920 ባቀረበው ጥናት፥ መስተዋት በአቶሞቹ ትስስር ሲሰላ ሊኖረው ከሚገባው ጥንካሬ እጅግ ያነሰ ጥንካሬ ያለው ስለ ምን እንደ ሆነ አስረዳ። ምክንያቱ ዓይን የማያያቸው ስንጥቆች ናቸው። ኩልፎ በመካከሉ ቋጥኝ ሲያገኝ ውኃው በቋጥኙ ጐን ተጠባብቆ በኃይል እንደሚያልፍ፥ መስተዋትን የሚጐትት ኃይልም በስንጥቁ ጫፍ ላይ ይጠባበቃል። ብረት ቢሆን ጫፉ ላይ ትንሽ ተለጥጦ ኃይሉን ያበርደው ነበር፤ መስተዋት ግን መለጠጥ አያውቅም፥ ስለዚህ ስንጥቁ ይሮጣል። ግሪፊዝ መስተዋቱን በእሳት አቅልጦ እንደ ክር እየሳበ ሲፈትነው፥ ክሩ በቀጠነ መጠን ጥንካሬው እየጨመረ ሄደ። እጅግ የቀጠነው ክር ከወፍራሙ ሃያ እጥፍ ገደማ ይበልጥ ነበር። በቀጭን ክር ላይ ትልቅ ስንጥቅ የሚያድርበት ቦታ የለምና።

መቅጠን ሌላም ጥቅም አለው፤ ይህን በቤተ ሙከራችን ራሳችን አይተነዋል። በማይክሮስኮፕ ስንመለከት ናሙናውን የምንከድንባት ትንሽ መስተዋት ውፍረቷ 0.15 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በሁለት ጣት ጠርዟን ይዘን በቀስታ ስንገፋት እንደ ቅጠል ጐበጠች፥ ስንለቃትም ተመልሳ ቀና አለች። ከመካከላችን ያላመነ ሁሉ በየተራ አጐበጣት። ከዚያ ሌላዋን በብርጭቆ ወረቀት አንድ ጊዜ ብቻ ዳሰስ አድርገን ስንሞክራት፥ ገና ሳትጐብጥ ቀጭ አለች። (ሙከራውን የሚደግም ተማሪ ቢኖር ዓይኑን በመነጽር ይሸፍን፤ ስባሪዋ በዓይን የማትታይ ናት።)

ስሌቱ ከባድ አይደለም፤ የሒሳብ መምህራችንም አይተው አርመውልናል። ሲጐብጥ በውጭው ፊት ላይ የሚደርሰውን ጕትቻ ለማወቅ የመስተዋቱን ግትርነት፥ ማለት 70,000 ኒውተን በካሬ ሚሊሜትር፥ በውፍረቱ ማባዛትና በመታጠፊያው ሬዲየስ እጥፍ ማካፈል ነው። ተራ መስተዋት 70 ኒውተን ያህል ይችላል ብንል፥ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመስኮት መስተዋት ከ1.5 ሜትር ሬዲየስ በታች ሊጐብጥ አይችልም። የማይክሮስኮፗ መክደኛ እስከ 7.5 ሳንቲ ሜትር ትደርሳለች። 0.03 ሚሊሜትር ብቻ ብናደርገው 1.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ስልክ ተዘግቶ በኪስ እንዲገባ ከተፈለገ መታጠፊያው 1.5 ሚሊሜትር ገደማ መሆን አለበት። ያን ጊዜ ጕትቻው አሥር እጥፍ፥ ማለት 700 ኒውተን በካሬ ሚሊሜትር ይሆናል። ስለዚህ ማቅጠን ብቻውን አይበቃም።

የቀረውን መንገድ የጨረሰው ጨው ነው። መስተዋት ሲቀልጥ ሶዳ ስለሚገባበት በውስጡ ትናንሽ የሶዲየም አዮኖች አሉ። ይህን መስተዋት በ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በቀለጠ የፖታስየም ጨው ውስጥ ብንዘፈዝፈው፥ ከፊቱ ላይ ሶዲየሙ ይወጣና ትልቁ ፖታስየም በቦታው ይገባል። በሚኒባስ ወንበር ላይ አራት ልጆች ተቀምጠው ሳሉ ተነሥተው በስፍራቸው አራት ጐልማሶች ቢቀመጡ እንደ ማለት ነው፤ ትከሻ ከትከሻ ይጨናነቃል። እንዲህ የተጨናነቀ የመስተዋት ፊት ላይ ስንጥቅ ቢኖር እንኳ ሊከፈት አይችልም፤ ሊከፍተው የሚመጣው ጕትቻ አስቀድሞ መጨናነቁን ማሸነፍ አለበትና። ይህን ሥራ ሳሙኤል ኪስትለር የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1962 አሳተመው፤ በዚያው ዓመት ኮርኒንግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኬምኮር ብሎ የሰየመውን ጠንካራ መስተዋት ለገበያ አቀረበ።

ዓለም ግን አልፈለገውም። እጅግ ጠንካራ ነበር፥ ግን ውድ ነበር፥ በቂ ገዢም አልተገኘለትም፤ ስለዚህ ፋብሪካው ሥራውን ተወው። በ2007 የአፕል ኩባንያ አለቃ የነበረው ስቲቭ ጆብስ ለአዲሱ ስልኩ የማይጫር መስተዋት በፈለገ ጊዜ ነው ኮርኒንግ ያን የድሮ ዕውቀት አቧራውን አራግፎ ያወጣው። ለብዙ ዓመታት በመደርደሪያ ላይ ተኝቶ ነበር ማለት ነው። የጢባርዮስ ጥበበኛ አንገቱን አጣ፤ የእኛ ዘመን ጥበበኞች ደግሞ ገዢ አጡ። የትኛው እንደሚሻል ለአንባቢ እንተወዋለን።

ወደ ታጣፊው ስልክ ስንመጣ፥ የመጀመሪያው ሙከራ የመስተዋት አልነበረም። በ2019 የኮሪያው ሳምሰንግ ያወጣው ታጣፊ ስልክ ፊቱ ፕላስቲክ ነበር። በሚያዝያ ወር ለሙከራ ከተሰጣቸው ጋዜጠኞች አንዳንዶቹ የፊቱን ስስ ሽፋን እንደ ተራ መከላከያ ቈጥረው ቢልጡት ስልኩ ተበላሸ፤ ሽያጩም እስከ መስከረም ዘገየ። በየካቲት 2020 የወጣው ተከታዩ ግን 0.03 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መስተዋት ነበረው፤ ይህም ከሰው ጠጕር ውፍረት ግማሽ ገደማ ነው። መስተዋቱን የሠራው በ1884 በዬና ከተማ የተመሠረተው ሾት የተባለው የጀርመን ኩባንያ ነው። እንዲህ ያለው ስስ መስተዋት ከቀለጠበት ምድጃ ወደ ታች እየተሳበ እንደ ጨርቅ ይወርዳል፤ ከዚያ ተቈርጦ ጠርዞቹ ይለሰልሳሉ፥ በጨውም ይዘፈዘፋል። ጠርዙ ላይ የቀረች አንዲት ጭረት ሥራውን ሁሉ ከንቱ ታደርገዋለች፤ የሴቻው መስኮት ገጣሚ የሚወዳት ጭረት የስልክ ሠሪው ጠላት ናት።

ነገሩ በዚህ ተፈጸመ እንዳይባል፥ በዚያ መስተዋት ላይ ዛሬም የፕላስቲክ ሽፋን አለ። እጅግ የቀጠነ መስተዋት ይታጠፋል፥ ነገር ግን አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ብትጫነው ይነቃል፤ ፕላስቲኩ ለጣት ጥፍር እንኳ ይጫራል፥ ነገር ግን አይሰበርም። ስለዚህ ሁለቱ ተደጋግፈው ይኖራሉ። ከመካከላችን አንዱ «እንግዲያው ዋንጫና ብርሌ ተጋቡ» ብሎ ቀልዷል።

በአገራችን የታወቀውን የቴክኖ ስልክ የሚሠራው የቻይናው ትራንሽን በ2011 በኢትዮጵያ የመገጣጠሚያ ፋብሪካ ከፈተ፤ ቴክኖም በ2023 በባርሴሎና ከተማ የራሱን ታጣፊ ስልክ አሳየ። መገጣጠም መልካም ጅምር ነው፥ ነገር ግን መስተዋቱ ተሠርቶ የሚመጣ ነው። ከኩልፎ ዳር አሸዋ በመኪና ሲጫን ያላየ ተማሪ በመካከላችን ስለሌለ «ከዚህ መስተዋት አይወጣም ወይ?» ተባብለን ነበር። የኬሚስትሪ መምህራችን እንዳስረዱን ግን ለመስተዋት የሚሆን አሸዋ እጅግ ንጹሕ ሲሊካ መሆን አለበት፤ ጥቂት ብረት እንኳ ቢገባበት መስተዋቱን አረንጓዴ ያደርገዋል። አሸዋው ብቻውን ለመቅለጥ 1,700 ዲግሪ ያህል ስለሚፈልግ ሙቀቱን የሚቀንስ ሶዳ ይጨመርበታል፤ ለዚህ የሚሆን ሶዳ የሚያወጣ ፋብሪካ በስምጥ ሸለቋችን በአቢጃታ ሐይቅ ዳር ተቋቁሞ ነበር።

ይህን ጽሑፍ ልንጨርስ ስንል ጓደኛችን ከአያቱ ዘንድ አንድ የባልጩት መፋቂያ አምጥቶ በማይክሮስኮፕ ሥር አኖርነው። ገደሞታ ላይ የተነገረውን ክንፍ አላገኘንም፤ የእኛ መሣሪያ ለዚያ አይበቃም። ነገር ግን ጠርዙ ላይ አያቱ እየፈለጡ የሳሉበት ሁሉ አንዱ ካንዱ ጐን እንደ ዓሣ ቅርፊት ተሰድሮ አየን፤ ልጁም በእርሳስ እያመለከተ የትኛው ምት ከየትኛው እንደሚቀድም ነገረን። የጽሑፉን አዘጋጆች ስም ከታች ስንጽፍ፥ ከስሙ ጐን «የባልጩት ጠራቢ የልጅ ልጅ» ብለን እንጨምር ወይ ብለን ጠየቅነው። እስከ ማግሥቱ አስቦ መጣና፥ አሁን እንዲቀር፥ ለሚመጣው ዓመት መጽሔት ግን እርሱ ራሱ እንደሚጽፈው ነገረን።